እንጀራው ምን ተቀላቅሎበታል? ግሉተን የተከለከሉ አረጋውያን በወሎ

«ግሉተን» የሚለው ቃል አሁን አሁን በየማኅበራዊ ሚዲያው ይሰማል። አንዱ ግሉተን ለማንም ሰው መርዝ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ እኛ ጤፍ በላተኞች ነን፣ ነገሩ አይመለከተንም ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በዚህ መሃል የሚቸገሩት ሐኪም «ስንዴና ገብስ በፍጹም እንዳይቀምሱ» ብሎ የሸኛቸው ሰዎች ናቸው። ከእነሱም ውስጥ በጣም የሚከብዳቸው አረጋውያን ናቸው፤ በተለይ በራሳቸው ጓዳ የማያበስሉ፣ በመጦሪያ ማዕከል የሚኖሩ።

በወሎ ይህ ነገር እየበዛ የሚሄድበት ምክንያት አለ። ጧሪ የሚባለው ልጅ ዛሬ ብዙ ጊዜ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ነው። አለዚያም አረብ አገር ነው። እናትን ወይም አባትን የሚመግበው ሌላ ሰው ሆኗል። ልጅ በስልክ «ዳቦ እንዳትሰጧቸው» ትላለች። ማዕከሉም እሺ ይላል፣ እውነትም ዳቦ አይሰጥም። ወራት ያልፋሉ። እናት ግን አሁንም ይከሳሉ፣ ተቅማጡም አልቆመም። ታዲያ ምን ጎደለ? ብዙ ጊዜ መልሱ እንጀራው ውስጥ ነው።

ግሉተንና ሴሊያክ

ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ራይ የሚባለው እህልም አለው፣ በእኛ አገር ግን ብዙም አይታወቅም። የስንዴ ሊጥ ሲለጠጥ የማይበጠሰው በግሉተን ምክንያት ነው። ለአብዛኛው ሰው ምንም ጉዳት የለውም።

ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለበት ሰው ግን ሌላ ነው። የሰውነቱ መከላከያ ግሉተንን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። በዚያ ውጊያ የሚጎዳው የራሱ ትንሹ አንጀት ነው። የአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ጣት በሚመስሉ በጣም ጥቃቅን እጥፋቶች የተሸፈነ ነው። ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ሴሊያክ እነዚህን እጥፋቶች ያሟሽሻቸዋል። ሰውየው ይበላል፣ ግን አይጠቀምበትም። ስለዚህ ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። «ሆዴን ነፋኝ» ከሚባለውም ጋር አንድ አይደለም። መድኃኒቱም እስካሁን አንድ ነው፦ ዕድሜ ልክ ግሉተንን መተው።

ጥፋቱ የስንዴ መሆኑ የታወቀበት ታሪክ ረሃብን በሚያውቅ አገር ልብ ይነካል። ዊለም ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ስንዴን ቀደም ብሎ ይጠረጥር ነበር። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት ሆላንድ ተራበች። ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሕፃን ሲጎዳ ይህ ሕመም የነበረባቸው ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ። የዲከ ጥርጣሬ ጸና።

«የእኛ በሽታ አይደለም» የሚለው ሐሳብ

በዓለም ከ100 ሰው አንዱ ገደማ ሴሊያክ እንዳለበት ይገመታል። የፈረንጅ በሽታ ነው የሚለው ግን አያስኬድም። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከፍተኛው ቁጥር የታየው በአፍሪካ፣ በምዕራብ ሰሃራ ሕዝብ ሕፃናት ላይ ነው። 5.6 በመቶ ነበር።

እኛ ጋ በሽታው በቀላሉ የሚሸሸግባቸው ስሞች ሞልተዋል። ተቅማጥ ሲረዝም «አሜባ ነው» ወይም «ጃርዲያ ነው» ይባላል። ሆድ ሲነፋ «ጨጓራ» ነው። በአረጋውያን ላይ ደግሞ ጭራሽ ተቅማጥ ላይኖር ይችላል። የሚታየው በአይረን ኪኒን የማይመለስ ደም ማነስ ይሆናል፣ ወይም ድካም፣ ወይም በትንሽ መውደቅ የሚሰበር አጥንት። ይህን ሁሉ ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልበል። ሳይመረመሩ አመጋገብ መቀየር ጉዳት አለው። ምርመራው የሚጀምረው በደም ነው። ከዚያ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ተገብቶ፣ ከአንጀት ናሙና ይወሰዳል። ሰውየው አስቀድሞ ግሉተን ካቆመ ግን ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል፣ በሽታው እያለ የለም ሊል ይችላል። ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሌሎች በሽታዎችም አሉ። የአንጀት ቲቢ አንዱ ነው። ምርመራው በየጤና ጣቢያው አይገኝም፣ መጓዝ ይጠይቃል። ቢሆንም ቀሪ ዘመናቸውን የሚወስን ነገር ነውና ድካሙ ዋጋ አለው።

ጤፉ ንጹህ ነው፣ መንገዱስ?

ጤፍ ግሉተን የለውም። በ2005 እ.ኤ.አ. የሆላንድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት የተለያዩ የጤፍ ዝርያዎችን ፈትሾ ነበር። የሴሊያክ ሕሙማንን የመከላከያ ሴሎች የሚቀሰቅስ ነገር አላገኘባቸውም። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ሩዝም ከግሉተን ነፃ ናቸው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ በቃሉና በባቲ በኩል የሚዘራው ማሾም እንዲሁ። ድንቹ፣ ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ጎመኑ በዚህ በኩል ችግር የለባቸውም። ማለትም የወሎ ጓዳ ከአውሮፓ ጓዳ ይልቅ ለዚህ ሕመም የተመቸ ነው። ከሱፐርማርኬት በውድ ዋጋ የሚገዛ የታሸገ ምግብ የግድ አያስፈልግም።

ችግሩ ያለው ከገበያ እስከ ምጣድ ባለው መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ ገበያው። የጤፍ ዋጋ ሲሰቀል ዱቄቱ ይቀላቀላል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ነውርም የለውም። ድሮም እናቶቻችን ጤፍን በማሽላ ወይም በገብስ ያበረክቱት ነበር። ማሽላ ወይም ሩዝ ከሆነ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ግድ የለም። ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ከሆነ ግን ያ እንጀራ ከዳቦ አይለይም። ሊጡ መቡካቱም አያድነውም። በተለመደው መንገድ ሦስት ቀን የቦካ የገብስ ሊጥ ግሉተኑ አይጠፋም። ከውጭ የሚገዛ እንጀራ ላይ «ንጹህ ጤፍ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ለጤነኛ ይበቃል። ለሕመምተኛ አይበቃም።

ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ። በአንዱ ወፍጮ ጠዋት ገብስ ይፈጫል፣ ቀጥሎ ስንዴ፣ ቀጥሎ ጤፍ። ድንጋዩ መካከልና አፈሙዙ ላይ የቀረው ዱቄት ከሚቀጥለው ሰው እህል ጋር ይወጣል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። እስቲ እናስላው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነፃ» የሚለው በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ሲኖር ነው። አንድ ግራም የስንዴ ዱቄት 80 ሚሊግራም ገደማ ግሉተን አለው። ከወፍጮው 50 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ አንድ እፍኝ ማለት ነው፣ በ50 ኪሎ ጤፍ ውስጥ ገባ እንበል። 4,000 ሚሊግራም ግሉተን ሆነ። በ50 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 80 ሚሊግራም ይደርሳል። ከተፈቀደው አራት እጥፍ ነው። በቀን 300 ግራም ከዚህ ዱቄት የሚበሉ አባት በየቀኑ 24 ሚሊግራም ይወስዳሉ። ለአብዛኛው ሕመምተኛ ደህና የሚባለው በቀን ከ10 ሚሊግራም በታች ነው። ዳቦ አልቀመሱም፣ አንጀታቸው ግን አላረፈም።

ደግነቱ ጤፍ ራሱ መፍትሔ ይዞ የመጣ እህል ነው። ፍሬው ከእህል ሁሉ ትንሹ ነው። የስንዴና የገብስ ፍሬ በጤፍ ወንፊት አያልፍም። ስለዚህ ሳይፈጭ በፊት ማበጠርና መንፋት ቅልቅሉን በደንብ ያወጣዋል። ከተፈጨ በኋላ ግን በዓይን የሚለይ የለም። ለዚህ ነው ለሕመምተኛ ዱቄት መግዛት የማይመከረው። እህሉን ነው መግዛት። ወፍጮ ቤት ሲኬድም ጤፍ ብቻ ሲፈጭ የዋለውን ወፍጮ መምረጥ ይቻላል። ከዚያም መጀመሪያ የወጣውን ጥቂት ኪሎ ለየት አድርጎ ለሌሎች ነዋሪዎች ማዋል፣ ቀጥሎ የመጣውን ለሕመምተኛው በአዲስ ማዳበሪያ መያዝ። ጆንያው ትናንት የገብስ ከነበረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ማሽላ ፍሬው ለገብስ ስለሚቀርብ በወንፊት አይለይም። በእጅ መለቀም አለበት።

ደጋና ቆላ አንድ አይደሉም

ስለ ወሎ ሲወራ ይህን መዝለል አይቻልም። በቆቦና በባቲ ቆላ ማሽላና ጤፍ ቅርብ ናቸው። እዚያ ያለ ማዕከል ወይም ቤተሰብ ግሉተን የሌለበት ማዕድ ለማዘጋጀት ብዙ አይቸገርም። ወደ ጉጉፍቱ ወይም ወደ ወገል ጤና ደጋ ሲወጣ ግን ገብስ የኑሮ መሠረት ነው። እንጀራው፣ ገንፎው፣ በሶው፣ ቆሎው፣ ጠላው ገብስ ነው። ጤፍ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ለደጋ ሰው «ገብስ ተው» ማለት «የለመድከውን ሁሉ ተው» እንደ ማለት ነው። ከደጋ ወደ ደሴ ማዕከል የገቡ አዛውንት ቆሎ ቢጠይቁ ሰነፍ ሕመምተኛ ስለሆኑ አይደለም፣ የልጅነታቸው ጣዕም ስለሆነ ነው። የሽምብራ ቆሎ፣ የተልባ ፍትፍት በጤፍ እንጀራ፣ የማሽላ ገንፎ በቅቤ ማቅረብ ከክልከላው በላይ ይሠራል።

በማዕከሉ ኩሽና ውስጥ

የአረጋውያን ማዕከል በአብዛኛው የሚኖረው በልገሳ ነው። የሚለገሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የስንዴ ዱቄት፣ ፓስታ፣ ማካሮኒና ብስኩት ነው። የእርዳታ እህል ሲባልም በአብዛኛው ስንዴ ነው። አንድ ሰው ብቻ ስንዴ የማይበላበት ቤት ለዚያ ሰው ብቻ ጤፍ መግዛት አለበት። በጀት የሚያጥረው ማዕከል ይህን ሲሰማ ቢያመነታ ሊፈረድበት አይገባም። ቤተሰብ ቢችል ጤፉን ራሱ አዘጋጅቶ ቢልክ ነገሩን በጣም ያቀለዋል።

ከዚያ ኩሽናው ራሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር እርሾ ነው። እርሾ ካለፈው ሊጥ የሚቀር ነው። ያለፈው ሊጥ ገብስ ወይም ስንዴ ከነበረበት አዲሱ የጤፍ ሊጥ ገና ሲቦካ ተበክሏል። ለሕመምተኛው የራሱ እርሾና የራሱ ባልዲ ያስፈልጋል። ምጣዱ አንድ ብቻ ከሆነ ታጥቦ የእሳቸው እንጀራ መጀመሪያ ይጋገር፣ የሌላው በኋላ። ማሰሻው የተለየ ይሁን። ዳቦ የተያዘበት እጅ ታጥቦ ነው እንጀራቸው የሚነሳው። ፓስታ የተማሰለበት ጭልፋ ወደ እሳቸው ወጥ አይገባም። ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት ለድንቻቸው አይውልም። መሶባቸውም ለብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በአንዲት ጎበዝ ምግብ አብሳይ ይሠራ ይሆናል። እሷ ዕረፍት ስትወጣ ግን ይፈርሳል። ለዚህ ነው በቃል ማዘዝ የማይበቃው። አንድ ወረቀት ተጽፎ ኩሽናው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ሌላውም አልጋቸው አጠገብ። «ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ አይነካም፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው» ይበል። «አይወዱም» ተብሎ ከተጻፈ ሰው ያግባባቸዋል። «የሐኪም ትእዛዝ» ሲባል እንደ መድኃኒት ይያዛል።

ከኩሽናው የሚያመልጠው ደግሞ ፍቅር ነው። እኛ በአንድ ማዕድ የምንበላ ሰዎች ነን። ጎረቤት አልጋ ያሉት እማማ ዳቧቸውን ቆርሰው ያካፍላሉ። ጠያቂ ድፎ ዳቦ ይዞ ይመጣል። ልደቱን ወይም ሠርጉን ምክንያት አድርጎ ነዋሪዎቹን ምሳ የሚያበላ በጎ ሰው አለ። ምግቡ ከውጭ ተሠርቶ ነው የሚመጣው፣ ምን እንደገባበት ማንም አያውቅም። በመውሊድም በገናም እንዲሁ ነው። የመርሳት ችግር ያለባቸው አረጋዊ ደግሞ ክልከላውን ራሳቸው አያስታውሱም፣ ከጎን ያለውን ዳቦ ያነሳሉ። በእነዚህ ቀናት የእሳቸው ምግብ ከማዕከሉ ጓዳ ቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ለብቻው በቀለም በተለየ ሳህን ቢቀርብ ይሻላል። ከማዕዱ ግን መነጠል የለባቸውም። ከሰው ጋር ተቀምጠው የራሳቸውን ሳህን ይብሉ። ብቻውን የሚበላ አረጋዊ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል።

የማይጠረጠሩት

ለደከመ አረጋዊ መጀመሪያ የሚሠራለት አጥሚት ነው። አጥሚቱ ግን ብዙ ጊዜ የአጃ፣ የገብስ ወይም የስንዴ ነው። አጃ በራሱ የስንዴው ዓይነት ግሉተን የለውም። ሆኖም በእርሻም በወፍጮም ከሁለቱ ጋር ይደባለቃል፣ ጥቂት ሕሙማን ደግሞ ንጹሑንም አይችሉትም። አጥሚታቸው በጤፍ ወይም በሩዝ ይሠራ።

መጠጥ ላይ ጠላ ብዙውን ጊዜ የገብስ ብቅል አለበት፣ ቢራም እንዲሁ። ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጀው ከሪቦም አይሆንም። በረመዳን ሳምቡሳው ስንዴ ነው፣ ሾርባውም በአጃ ወይም በስንዴ ቅንጨ ከተሠራ አይጠጣም። በሩዝ ይሆናል፣ ቴምሩም ችግር የለበትም። የቅዱስ ቁርባን ኅብስት ከስንዴ ነው። ይህን አስታማሚ ወይም ልጅ በራሱ አይወስነውም፣ ለንስሐ አባት ሁኔታው ተነግሮ የሚመከርበት ነው።

ቡናም ቦታ አለው። ቡናው ራሱ ግሉተን የለበትም፣ ቁርሱ ነው የሚታየው። ፈንዲሻ ይሁን እንጂ ዳቦ ወይም የገብስ ቆሎ አይሁን። ሌላ ጉዳይም አለ። ቡናና ሻይ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዛሉ። ደም ማነስ ላለባቸው የአይረን ኪኒኑ ከአቦሉ ጋር ሳይሆን ከቡና ሰዓት ራቅ ብሎ ይዋጥ። «ጤፍ አይረን አለው» ተብሎም ኪኒን አይቋረጥም። በጤፍ ላይ የሚለካው አይረን ከፊሉ ከአውድማ አፈር የመጣ ነው፣ ሰውነትም ሁሉንም አይወስደውም።

በዚህ ዕድሜ ምን ያህል ጥብቅ?

እዚህ ላይ ሁለት አስተያየት አለ፣ ሁለቱም ከቅን ልብ የሚመጡ ናቸው። አንዱ «ሰማንያ ዓመት የበሉትን አሁን ለምን ይከለከላሉ? ቀሪ ዘመናቸውን የወደዱትን ይብሉ» ይላል። ሌላው «ሕመሙ የተረጋገጠ ከሆነ እያንዳንዱ ጉርሻ ጉዳት ነው» ይላል።

ክብደቱ የሚለካው በምርመራው ነው። ሴሊያክ ካልተረጋገጠ፣ አንድ ሰው በስልክ አንብቦ ብቻ ከሆነ፣ ከሲታ የሆኑ አረጋዊን ከዳቦና ከገንፎ መከልከል ረሃብ መጨመር ነው። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ወገን ትክክል ነው። ከተረጋገጠ ግን ቸልታው የሚያስከፍለው ተቅማጥ ብቻ አይደለም። የአጥንት መሳሳት፣ ደም ማነስ፣ ክብደት መቀነስ፣ አልፎ አልፎም የአንጀት ካንሰር ይመጣል። የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ በዚህ ዕድሜ ሰውን አልጋ ላይ ያስቀራል። እንደ እኔ አመለካከት ጥብቅ መሆኑ ለምቾታቸው ጭምር ነው፤ ተቅማጥ ያለበት አረጋዊ ሌሊት በሰው እጅ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ያየ ሰው ይህን አይክድም። ሕይወት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ማከም ቀርቶ ማጽናናት ብቻ ሲሆን ሚዛኑ ይቀየራል። አእምሯቸው ሙሉ ከሆነም ሐሳባቸው ይጠየቅ። በልጆች ስብሰባ ብቻ የሚወሰን መሆን የለበትም።

ወደፊት ምን ይጠበቃል?

አገሪቱ ስንዴን በስፋት እያመረተች ነው። የበጋ መስኖ ስንዴውም ተስፋፍቷል። ለአብዛኛው ሰው መልካም ነገር ነው። ጤፍ እየተወደደ፣ ስንዴ እየቀረበ ሲሄድ ግን በእንጀራ ውስጥ የሚገባው ስንዴም ይጨምራል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ይህ ማለት «እንጀራ ነው፣ ምንም አይልም» የሚለው ቃል ከዓመት ወደ ዓመት እምነት የማይጣልበት ይሆናል። ባለወፍጮዎች ለጤፍ ብቻ አንድ ድንጋይ ቢለዩ፣ ወይም በሳምንት አንድ ጠዋት አጽድተው ጤፍ ብቻ ቢፈጩ፣ ለማዕከላቱም ለየቤቱም ሕመምተኛ ትልቅ ነገር ነው። ወጪውም ብዙ አይደለም።

ክትትሉን በሚመለከት፣ ክልከላው በትክክል ከተያዘ ተቅማጡና ድካሙ በሳምንታት ውስጥ መቅለል ይጀምራል። አንጀቱ ግን በአዋቂ ሰው እስኪድን ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ማዕከሉ በየወሩ ክብደታቸውን መዝግቦ ለቤተሰብ ይንገር። የደም ምርመራው በስድስተኛው ወርና በዓመቱ ይደገም። ክብደቱ ካልጨመረ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምክንያት ሳይታወቅ የሚገባ ግሉተን ነው። አዲስ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ጤፉ የት እንደተፈጨ፣ እርሾው ከየት እንደመጣ፣ ባለፈው እሑድ ማን ጠያቂ ሆኖ ምን ይዞ እንደመጣ ይጠየቅ። ይህ ሁሉ ንጹህ ሆኖ ካልተሻላቸው ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው፣ ከመዝገቡ ጋር።